ማዶ ያልበራው ሻማ

ይሄ ታሪክ እውነት ነው። ሰው የነገረኝ አይደለም፣ አንብቤም አላመጣሁት... በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ። እኔ ለማሳመን ጉልበቱ የለኝም።

ጊዜው የካቲት ነው፣ ሐሙስ ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት። ቦታው ኤፍራጥስ ወንዝ ዳር። የከተማችንን ስም አልጠራም። እንደ ትልልቆቹ ከተሞች በዜና ብዙ አልተወራልንም፤ የሞተብን ግን ከማንም አያንስም።

ሀይፋ እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ጂን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ "እስቲ መጀመሪያ እራትህን ብላ" እያልኩ የምስቅ ሰው ነኝ። ነበርኩ ልበል እንጂ...

ይህን ስጽፍ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

"ምንድን ነው የምትጽፊው?" አለችኝ አሁን።

"ስለዚያ ምሽት።"

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

"ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊ" አለችኝ።

እሺ... ሳልጨምር ሳልቀንስ።

ወንድሜ ሰርመድ ይባላል። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው፣ ቀልደኛ፣ ለፍላፊ። ወንዙን እንደ ዓሣ ይዋኘዋል፤ ነጎድጓድ ግን ይፈራል። ሕፃን ሳለ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር እናቴ ፍራሽ ላይ ይመጣና ዝም ብሎ ይቆማል። እሷም ዓይኗን ሳትገልጥ ወደ ግድግዳው ጠጋ ትልለታለች። አድጎ ጢም ሲያበቅል እንኳ በዚህ እስቅበት ነበር።

ባለ ጥቁር ባንዲራዎቹ ታጣቂዎች ከተማችንን ሲይዙ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሲጋራ ሲያጨስ የተያዘ ይገረፋል። ሲሸሽ የተያዘ ደግሞ... እሱን ተዉት። ድልድዩ ፈርሷል። የመንግሥት ጦር ማዶ ደረሰ ሲባል ሰዉ በጨለማ በጀልባ መሻገር ጀመረ።

እኛን ያሻገሩን አጎቴ ሸላል ናቸው። የሥጋ ዘመዳችን አይደሉም፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን አጎቴ ነው የሚላቸው። ሞተር እንዳይሰማ ጀልባዋን በአጣና ነበር የሚገፏት። ያን ቀን ሴትና ሕፃን ብቻ ጢም ብሎ ሞላት። ለሰርመድ ቦታ ጠፋ።

"እኔ ከኋላችሁ እዋኛለሁ" አለ።

እኛ ወንዝ ዳር ያደግን ሰዎች ዋና የምንማረው በከረብ ነው። የተምር ዛፍ ዘንባባው ሲቆረጥ ግንዱ ላይ የሚቀረው ሰፊ ጉማጅ ከረብ ይባላል። ሲደርቅ እንደ ቡሽ ይንሳፈፋል። ለሕፃን ወገቡ ላይ ይታሰርለትና ወደ ውሃው ይለቀቃል።

ማሰሪያ ገመድ ስላልነበረን ሰማያዊ ሻሼን ቀደድኩና ከረቦቹን ወገቡ ላይ አሰርኩለት። አባታችን በሕይወት ሳለ ወፍጮ ቤት ነበረው፤ እኔ የዱቄት ጆንያ እያሰርኩ ነው ያደግኩት። የኔ ቋጠሮ በቢላ ካልተቆረጠ በእጅ አይፈታም።

"ቀስ በይ እንጂ! አህያ ነው እንዴ የምታስሪው?" አለኝ።

"አህያማ ቢሆን ዝም ብሎ ይታሰር ነበር።"

"አጭሬ..." አለኝ። ሁሌም የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። "ማዶ ስትደርሱ ሻማ አብሩልኝ። በዚህ ጨለማ በየት እንደምወጣ አላይም።"

እናቴ ሻማውን ከጉያዋ አውጥታ አሳየችው። "ይኸው የኔ ዓይን፣ ይኸው ይዣለሁ" አለችው።

ተሻገርን። ከኋላችን ውሃውን ሲመታ ይሰማኝ ነበር። እናቴ ከጀልባዋ ወርዳ የድንጋይ ደረጃው ላይ ቆመች። ሻማውን አወጣች፣ ክብሪቱን ጫረች...

ከከተማው በኩል ተኩስ ተከፈተ።

አጎቴ ሸላል ክብሪቱን ከእጇ መትተው ጣሉት። "ኧረ ተይ! ሕዝቡን ታስጨርሺያለሽ!" አሏት በሹክሹክታ። እውነታቸውን ነው። ብርሃን ባዩበት ሁሉ ነበር የሚተኩሱት።

ሻማው አልበራም።

ሰርመድም አልመጣም።

ሰባት ዓመት ሆነ።

እኛ ተሻግረን ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ አበቃ ተባለ። ወደ ቤታችን ተመለስን። ድልድዩ እንደገና ተሠራ፣ ገበያው ተከፈተ፣ የተገደለበት ሁሉ ድንኳን ጥሎ አለቀሰ። እናቴ ግን አላለቀሰችም።

"ሬሳውን ያየ አለ?" ትላለች። የለም። "እንግዲያው ለማን ነው ለቅሶ የምቀመጠው?"

በራችን ሰባት ዓመት ሙሉ ተቆልፎ አያውቅም። ቀንም ሌሊትም። ፍራሿን በሩ ፊት ለፊት አንጥፋ ነው የምትተኛው። ኮሽ ባለ ቁጥር "ሰርመድ?" ትላለች። ድመት ይሆናል። ነፋስ ይሆናል። እኔ ከመኝታ ቤት ሆኜ ያንን "ሰርመድ?" ስሰማ... ምን ልበላችሁ? ትራሱን ጆሮዬ ላይ እጭናለሁ።

ከዚያ ዓይኗ መሄድ ጀመረ። የግራው ጨርሶ ጠፋ። የቀኙን ሞራ ሸፈነው። ሐኪሙ "ባግዳድ ሄዳ በቶሎ ካልተሠራላት አይመለስም" አለኝ።

"አልሄድም" አለች። "እኔ ባግዳድ ሆኜ ልጄ ቢመጣ ማን ይነሳለታል?"

"እኔ አለሁ አይደል?"

"አንቺ ስትተኚ ሬሳ ነሽ!"

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ያቺ ሐሙስ መጣች። የኸድር፣ የዚያ አይሞትም የሚባለው ቅዱስ ሰው ምሽት ነው። በዚያ ምሽት የሀገሬ ሰው ከረብ ላይ ሻማ ተክሎ፣ የአደስ ቅጠል ሰክቶበት፣ ስለቱን እየተናገረ ወንዙ ላይ ይለቀዋል። ሻማው እንደበራ የወንዙን መታጠፊያ ካለፈ ልመናው ደረሰ ማለት ነው። ከጠፋ... ጠፋ።

ቤት ውስጥ ደግሞ የተቆላ የስንዴ ዱቄት በትሪ ላይ ተለስልሶ ያድራል። ኸድር ሌሊት አልፎ እጁን ካሳረፈበት በረከት ነው ይባላል። እኔ በሕይወቴ ያየሁት የድመት እግር ብቻ ነው።

እናቴ ትሪውን ከበሩ ኋላ መሬት ላይ አስቀምጣ በመዳፏ እያለሰለሰችው ሳለ ድንገት ቀና አለች።

"ሀይፋ... ሰባት ዓመት ሙሉ ተሳስተናል።"

"ምኑን?"

"ሻማውን። ልጄ 'ማዶ አብሩልኝ' ነው ያለው። እኛ ግን በየዓመቱ ከዚህ፣ ከከተማው በኩል ነው የምንለቀው። ሸሽቶት ወደወጣው ከተማ እየጠራነው... ወደ ገዳዮቹ እየጠራነው..."

ሰው ሁሉ ሻማውን የሚለቀው ከየቤቱ ፊት ለፊት ነው። ለየት አድርጎ ያሰበ አልነበረም።

"ዛሬ ማዶ ተሻግረን እናብራለት" አለች። "መታጠፊያውን ካለፈ እጠብቀዋለሁ። ከጠፋ ግን... ለቅሶ እቀመጣለሁ። ባግዳድም ውሰጂኝ።"

"ማይልኝ።"

"ወላሂ።"

ለሷ የሚታያት ብርሃንና ጨለማ ብቻ ስለነበር፣ ሻማው ይብራ ይጥፋ አይቼ የምነግራት እኔ ነኝ ማለት ነው።

አጎቴ ሸላልን ጀልባቸው ላይ ሻይ ሲጠጡ አገኘናቸው።

"ድልድዩ እያለ በኔ ጀልባ?" አሉ። "ድልድይ ብለው ጉሮሮዬን ዘጉት እኮ! ዛሬ ማን ያስታውሳል ሸላልን? ሙሽራ ፎቶ ለመነሳት ካልሆነ..."

"እዚያ ቦታ ውሰደኝ ወንድሜ" አለች እናቴ።

ቀልዳቸው ፊታቸው ላይ ሞተ። የትኛው ቦታ እንደሆነ አልጠየቁም። ብርጭቆውን አስቀምጠው እጇን ይዘው አሳፈሯት።

ሌላው ሰው ሻማውን ለቆ ብርዱን ሸሽቶ ገብቷል። የጎረቤቶቻችን መብራቶች ራቅ ብለው ወደ ታች ሲወርዱ ይታዩኛል። የመግሪብ አዛን ከከተማው መስጊድ ሲሰማ ማዶ ደረስን።

ያው ደረጃ ነው። ግማሹ ፈርሷል።

አጎቴ ሸላል ጀልባዋን ደረጃው ላይ ከተተከለ ብረት ጋር አሰሩ። እናቴ አንድ ከረብ ከጉያዋ አወጣች። ሰርመድ ያን ቀን "ይቺ ትርፍ ናት" ብሎ ጓሮ የጣላት ናት። ሻማውን ራሷ በእጇ ዳብሳ ለኮሰችው። ዛሬ ክብሪቱን የመታባት የለም።

"ሰርመድ" አለች ቀስ ብላ፣ ከሌላ ክፍል እንደምትጠራው ሁሉ። "ይኸው በርቷል። በዚህ ና።"

ለቀቀችው።

"ንገሪኝ።"

"እየሄደ ነው እማ።"

"ይበራል?"

"ይበራል።"

ወንዙ ወሰደው። መሃል ገባ። በልቤ "ጥፋ... ጥፋ በናትህ" እያልኩ ነበር። ወንድሜን ስለማልወደው አይደለም። የቀረችኝን እናቴን ስለምወዳት ነው።

መታጠፊያው ጋ ሊደርስ ሲል ነፋስ መጣ። ነበልባሉ ተኛ፣ ተነሳ...

ጠፋ።

"ሀይፋ?"

ዓይኔን ከመታጠፊያው አላነሳሁም።

"ሀይፋ፣ ንገሪኝ።"

"ጠፋ እማ።"

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ያ ሰባት ዓመት የታፈነው ነገር ወጣ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ስሙን እየጠራች፣ ጉንጯን እየቧጠጠች... እኔም አቀፍኳትና አለቀስኩ።

አጎቴ ሸላል ከጀልባዋ ወርደው ፊቷ ተንበረከኩ። ሽማግሌ ሰውዬ!

"የሰርመድ እናት... ክብሪቱን ከእጅሽ የመታሁት እኔ ነኝ። ይኸው እጄ። በህልሜ ሁሉ እመታዋለሁ።"

"በእጅህ ስንት ልጅ ተርፏል" አለች። "የኔ ብቻ ነው ቦታ ያጣው።"

ለቅሷችን በረደ።

ዝምታውን ያስተዋልኩት ያኔ ነው...

ስንመጣ እንቁራሪቱ ሸምበቆው ውስጥ ጆሮ ያደነቁር ነበር። አሁን አንዲት ድምፅ የለም። በከተማው በኩል፣ መብራት ሥር ያለ ውሻ ወንዙን ፊት ለፊት እያየ ቆሟል። አይጮህም። ጭራውን እግሩ መሃል ሸጉጧል።

"አጎቴ... ይሄ ውሃ ጨምሯል እንዴ?"

እናቴ እግሯን ያሳረፈችበት ደረጃ ደረቅ ነበር። አሁን ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ነክቷል።

አጎቴ ሸላል ጀልባዋን ነው የሚያዩት። ከጥንት ጀምሮ ወንዙ የሚፈሰው ወደ ታች ነው፤ የታሰረች ጀልባም ጭራዋ ወደ ታች ነው የሚዞረው። የሳቸው ጀልባ ግን ቀስ እያለች... ቀስ እያለች... ተገላቢጦሽ ዞረች። ገመዱ ወደ ላይ ተወጠረ።

"አዑዙ ቢላህ..." አሉ። "እንሂድ። አሁኑኑ እንሂድ።"

"ሀይፋ" አለች እናቴ። "ያ ምንድን ነው?"

"የቱ?"

"ያ መብራት።"

ፊቴ ላይ የዘረጋሁትን እጄን የማታይ እናቴ፣ ጣቷን ወደ መታጠፊያው ቀሰረች።

አየሁት።

አንዲት ትንሽ ብርሃን... በወንዙ ዳር ዳር... ወደ ላይ እየመጣች ነው። ወደ እኛ።

የሌላ ሰው ሻማ ነው እንዳልል፣ ሻማ ወደ ላይ አይወጣም። ነፋሱ ፊታችንን እየመታ ነው፤ ነበልባሉ ግን ወደ ነፋሱ ነው ያዘነበለው። እየቆመ ይመጣል። ቆም... ደግሞ መጣ... ቆም። የደከመው ዋናተኛ ትንፋሽ እየሰበሰበ እንደሚመጣው።

አጎቴ ሸላል ቁርኣን እያነበነቡ ነው፤ ምላሳቸው ይተሳሰራል።

እናቴ ብቻ አልፈራችም። ውሃው ውስጥ ቆማ እጇን ዘርግታ "በዚህ... በዚህ የኔ ዓይን... ድንጋይ አለ ተጠንቀቅ" ትላለች።

ሻማው ደረጃው ጋ ሲደርስ ቆመ።

የኛው ነው። ያቺው ከረብ። አደሱ የለም። በአደሱ ፋንታ ከረቧ ላይ የተጠመጠመ ነገር አለ፤ ጫፉ ውሃው ውስጥ ገብቷል።

እንዴት ደፈርኩ አትበሉኝ። ጎንበስ ብዬ ጎተትኩት።

ከውሃው ላይ፣ ጆሮዬ ሥር፣ እንዲህ ሲል ሰማሁ...

"ቀስ በይ እንጂ..."

እጄ ላይ የቀረው ሰማያዊ ጨርቅ ነበር። ሻሼ። በመጠን የቀጭን ልጅ ወገብ የሚያህል ክብ። ቋጠሮው የኔው ቋጠሮ ነው። አልተፈታም። ጨርቁም በየትም በኩል አልተቆረጠም።

እናቴ ከእጄ ወሰደችው። በጣቶቿ ዙሪያውን ዳበሰችው፣ ቋጠሮው ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ወደ ፊቷ አስጠግታ አሸተተችው። የጠበቅኩት ሌላ ጩኸት ነበር።

"ደረሰ" አለች። "ልጄ ተሻገረ።"

ሻማው ያኔ በራሱ ጠፋ። ውሃው ከደረጃው ወረደ። ሸምበቆው ውስጥ አንድ እንቁራሪት ጮኸ፣ ከዚያ ሁሉም።

እንዴት እንደተመለስን በደንብ አላስታውስም። አጎቴ ሸላል እስከ በራችን አደረሱንና ሳይሰናበቱ ሄዱ።

እናቴ ትሪውን ላለመርገጥ ግድግዳውን ይዛ ገባች። ፍራሿ ላይ ተቀመጠች። እኔ እንደ ሁልጊዜው በሩን ገርበብ አድርጌ ላልፍ ስል...

"ቆልፊው" አለች።

"ምን አልሽ?"

"በሩን ቆልፊው። ማን ውጭ ቀረ ብለን ነው የምንከፍተው? ነገ ለቅሶ እንቀመጣለን። ከለቅሶው በኋላ ባግዳድ እንሄዳለን።"

ሰባት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ስሰማው ግን አልተደሰትኩም... በላዬ ላይ ውሃ የፈሰሰብኝ ያህል ነው የበረደኝ። ቁልፉ ዝጎ ስለነበር በሁለት እጄ ነው ያዞርኩት። ነቀልኩትና ትራሴ ሥር አስገብቼ ተኛሁ። እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ አላሰብኩም፤ ወሰደኝ።

በዚያ ሌሊት "ሰርመድ?" የሚል ድምፅ አልሰማሁም።

ጠዋት ስነሳ ፀሐይ ገብታለች። ቁልፉ ትራሴ ሥር ነው። ሄጄ በሩን ነካሁት። እንደተቆለፈ ነው።

ትሪውን አየሁት...

የእጅ ምልክት አይደለም። የድመትም አይደለም። የባዶ እግር ኮቴ ነው። ጣቶቹ ወደ ቤት ውስጥ የዞሩ። ዱቄቱ ውሃ ጠጥቶ ሊጥ ሆኗል።

ከትሪው ጀምሮ ሲሚንቶው ላይ እርጥብ ዱካ አለ፣ ዱቄት የነካው። አንድ... ሌላ... ሌላ... እስከ እናቴ ፍራሽ ድረስ። የሚመለስ ዱካ ፈለግኩ። የለም።

እናቴ ተኝታለች። እንደዚያ ተኝታ አይቻት አላውቅም፤ በሰላም፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ ፊቷ ፈታ ብሎ። ሁሌ የምትተኛው ፍራሹ መሃል ላይ ነው። ያን ጠዋት ግን ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላለች።

በለቀቀችው ቦታ ፍራሹ ርሷል። የወንዝ ሽታ ይሸታል። መሃሉ ሰው እንደተኛበት ሰርጉዷል...

እጇ እዚያ ሰርጓዳው ላይ አርፏል። በእንቅልፏ፣ ልጅ እንደምታባብል ሁሉ፣ ቀስ እያለች መታ መታ ታደርገዋለች።

አልጮህኩም። አልቀሰቀስኳትም።

ጠዋቱ ይበርዳል። ብርድ ልብሱ ተገፎ እግሯ ሥር ወድቋል። አነሳሁትና ሁለቱንም አለበስኳቸው።